በትንሽ ገንዘብ ሌንስ መምረጥ፦ ለሰሜን ሸዋ ፎቶ አንሺዎች ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላይ ካሜራ ይዞ ሥራ የጀመረ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው ሌንስ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ዙም ነው። ትንሽ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቀጥሎ የሚያስበው ደግሞ ሩቅ የሚስብ ሌንስ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ 75-300ውን አውጥቶ ከፊቱ ያስቀምጥለታል። ግዙፍ ነው፣ ሲያዩት ያስከብራል፣ ዋጋውም እንደ መልኩ አይደለም። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌንሱ ከቦርሳ መውጣት ያቆማል። ሥራው ያለው ሰርግ፣ ክርስትና፣ ልደትና ምርቃት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያስቸግረው የብርሃን ማነስ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ሌንስ መመረጥ ያለበት ፎቶዎቻችሁ የሚበላሹበትን ምክንያት አይቶ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንኑ ምክንያት ከማወቅ ጀምሮ ሌንሱን ገዝቶ እስከመያዝ ያለው መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ የተበላሹትን ፎቶዎች ክፈቱ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሥራዎቻችሁን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። ለደንበኛ ያልሰጣችኋቸውን፣ "ይሄ አልወጣም" ብላችሁ የተዋችኋቸውን ለዩ። አንዱን ፎቶ በማውሱ ቀኝ ተጭናችሁ "ፕሮፐርቲስ" ከዚያ "ዲቴይልስ" ብትገቡ ፎቶው በስንት ሚሊ ሜትር (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ሲበዛ ሩቅ ይስባል)፣ በምን ያህል የሻተር ፍጥነት (ብርሃን የሚያስገባው በር ተከፍቶ በሚዘጋበት ፍጥነት)፣ በስንት አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እንደተነሳ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ካሜራው ላይም "ኢንፎ" የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያንኑ ያሳያል።

አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ለምን እንደተበላሸ ጠይቁ። ከኋላ ያለው ግድግዳና ወንበር ጥርት ብሎ የሚጨፍረው ሰው ብቻ ከደበዘዘ ሻተሩ ዘግይቷል ማለት ነው። ግድግዳውም ሰውየውም አብረው ከደበዘዙ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል። ፊቱ ላይ አሸዋ የተረጨ የሚመስል ከሆነ አይ ኤስ ኦው ከመጠን በላይ ወጥቷል። ዳር ላይ የቆሙት አክስት ግማሽ ትከሻቸው ከተቆረጠ ሌንሱ ሰፊ ቦታ አልያዘላችሁም።

እነዚህን መለየት ገንዘብ ያድናል። ማረጋጊያ ያለው ሌንስ (ካኖን ላይ "አይ ኤስ"፣ ኒኮን ላይ "ቪ አር" የሚል ምልክት ያለው) የሚያስተካክለው የእጅን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ እስክስታ የሚወርድን ትከሻ አያቆምም። ትከሻውን የሚያቆመው ፈጣን ሻተር ነው፣ ፈጣን ሻተር ደግሞ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ካሜራችሁ የሚቀበለውን እወቁ

እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት በድርድር አይመለስም። ጥሩ ሌንስ ገዝታችሁ ካሜራችሁ ላይ አልገባ ሊል፣ ወይም ገብቶ ፎከስ አላደርግም ሊል ይችላል።

ካኖን 600ዲ፣ 700ዲ፣ 2000ዲ፣ 250ዲ እና መሰሎቻቸው ሁለት ዓይነት ሌንስ ይቀበላሉ፤ "ኢ ኤፍ" እና "ኢ ኤፍ-ኤስ"። የመጀመሪያው ቀይ ነጥብ፣ ሁለተኛው ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት አለው። ወደፊት ወደ 6ዲ ወይም 5ዲ ማደግ የምታስቡ ከሆነ ባለ ነጭ ምልክቶቹ እዚያ አይገጥሙም። ኢ ኤፍ እንደ አውሮፓውያን ከ1987 ጀምሮ የነበረ አገጣጠም ስለሆነ ያገለገለ ሌንስ በብዛት የሚገኘው ለካኖን ነው፤ በእኛ ገበያ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ኒኮን ላይ ግን ቆም በሉ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ (ለምሳሌ ዲ3200፣ ዲ5300) ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ "ኤ ኤፍ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ዲ" የሚባለው ርካሽና ግሩም ሌንስ ቢገጥምላቸውም ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር ይኖርባችኋል። ለእነዚህ ካሜራዎች ስሙ ላይ "ኤ ኤፍ-ኤስ" ያለውን ፈልጉ። "ኤ ኤፍ-ፒ" የሚሉት አዳዲሶቹ ደግሞ በተቃራኒው እንደ ዲ90፣ ዲ3100፣ ዲ5100 እና ዲ7000 ባሉ ቆየት ባሉ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም። የሌንሱን ሙሉ ስም ከነፊደሎቹ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ "ሃምሳ ሚሊ ሜትር የኒኮን" ብሎ መጠየቅ አይበቃም።

መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ ያላችሁ፣ ማለትም ሶኒ ኤ6000 ወይም ካኖን አር 50 የያዛችሁ፣ ከራሱ ከአምራቹ የሚመጣው ሌንስ ሊወደድባችሁ ይችላል። የካኖን አር ባለቤቶች ግን መፍትሔ አላቸው። ከኢ ኤፍ ወደ አር ኤፍ የሚያሸጋግረው አዳፕተር ውስጡ የሌንስ መስታወት የሌለበት ባዶ ቀለበት ስለሆነ ጥራት አይቀንስም፣ ኦቶ ፎከሱም እንደነበረ ይሠራል። አንድ አዳፕተር ገዝታችሁ ያገለገሉትን የኢ ኤፍ ሌንሶች ሁሉ መጠቀም ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የኤፍን ቁጥር በሰርግ ቤት ሒሳብ አስሉት

ሌንስ ላይ "1:3.5-5.6" ወይም "1:1.8" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ የኤፍ ቁጥር የሚባለው ይህ ነው። ሌንሱ ውስጥ ያለው አፐርቸር የሚባለው ቀዳዳ ምን ያህል ሊከፈት እንደሚችል የሚናገር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። 18-55ን እስከ መጨረሻው ዙም ስታደርጉት ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይከፈትም።

ልዩነቱን ለማወቅ ሁለቱን ቁጥሮች አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙት። 5.6 ለ1.8 ሲካፈል 3.1 ገደማ ነው፤ በራሱ ሲባዛ ከ9 ተኩል በላይ ይሆናል። ባለ 1.8 ሌንስ በዚያው ቤት፣ በዚያው አምፖል ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው።

ማታ ላይ ሙሽሮቹ የወንዱ ቤት ደርሰዋል እንበል። ዳሱ ውስጥ ሁለት ሦስት አምፖል ተንጠልጥሏል፣ ዘመድ እየጨፈረ ነው። በ18-55 አይ ኤስ ኦውን 6400 አድርጋችሁ ሻተሩ 1/30 ሰከንድ ላይ ይቆምባችኋል። በዚህ ፍጥነት የሚጨፍር ሰው ጥላ ሆኖ ይወጣል። አይ ኤስ ኦውን ሳትነኩ ሌንሱን ብቻ ባለ 1.8 ብታደርጉት ሻተሩን ወደ 1/250 ታደርሱታላችሁ፤ አሁን ትከሻውም፣ የነጠላው ጫፍም ይቆማል። ወይም ሰዎቹ ተቀምጠው እራት እየበሉ ከሆነ 1/30ውን 1/60 አድርጋችሁ አይ ኤስ ኦውን ከ6400 ወደ 1600 ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ፊታቸው ላይ ያለው አሸዋ ይጠፋል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ የበለጠ ይታያል። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ከካህናቱ ፈቃድ ብታገኙ እንኳ በቅዳሴ መሀል ፍላሽ ማብረቅ አይገባም። እዚያ የሚያዋጣው የተከፈተ ሌንስና የረጋ እጅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይጠባል። እነዚህ ካሜራዎች ላይ 50 ሚሊ ሜትሩን በ1.8 ከፍታችሁ 2 ሜትር ላይ ያለ ሰው ብታነሱ ጥርት የሚለው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙሽራው ከሙሽሪት ግማሽ እርምጃ ኋላ ከቆመ እሷ ጠርታ እሱ ይደበዝዛል። ሁለት ሰው ስታነሱ ወደ 2.8 ዝጉት፤ ቡድን ሲሆን 4 ወይም 5.6። ይህን የማያውቅ ሰው ሌንሱን ፎከስ አያደርግም ብሎ በርካሽ ሲሸጥ አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ የቤቱን ስፋት ለኩ

"ሃምሳውን ግዛ" የሚል ምክር ከሁሉም ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ከአዲስ ሌንሶች ሁሉ በዋጋ የሚደርስበት ጥቂት ነው። የካኖኑ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 "ኤስ ቲ ኤም" በ2015 እንደ አውሮፓውያን የወጣ ሲሆን ካሜራው ላይ የሚገጥመው እግሩ ብረት ነው፣ ፎከሱም ከቀድሞው ፕላስቲክ እግር ካለው ይሻላል። ነገር ግን የእኛ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር ከፊልም ያነሰ ስለሆነ 50ው ካኖን ላይ እንደ 80፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ እንደ 75 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሆኖ ነው የሚያየው።

ይህ በቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ በሜትር እንየው። አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲቆም 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይይዛል። በካኖን ካሜራ ይህን ስፋት በ50 ለመያዝ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ። በ24 ሚሊ ሜትር 2 ሜትር ከ70፣ በ18 ደግሞ 2 ሜትር ብቻ ይበቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳሎኑ ከ4 ሜትር የማይበልጥ ቤት ስንት ነው? ሶፋውና ቡፌው ገብተውበት ደግሞ አስቡት። 50 ብቻ ይዞ የገባ ሰው በሩን ከፍቶ ከደጅ ሆኖ ያነሳል።

ስለዚህ እዚያው ሳሎን 18-55ውን 18 ላይ፣ ከዚያ 24፣ 35 እና 50 ላይ አቁማችሁ እያንዳንዱ ምን እንደሚይዝ እዩ። ዙሙን በፕላስተር አንድ ቁጥር ላይ አጣብቃችሁ አንድ ሙሉ ዝግጅት በዚያ ብቻ ማንሳት ይቻላል። ማታ የቱ እንዳልጠበባችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምንም ሳታወጡ።

ደረጃ 5፦ እንደ ሥራችሁ ወስኑ

ዋና ሥራችሁ ሰርግና የቤት ውስጥ ዝግጅት ከሆነ የመጀመሪያው ግዢ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለ ብሩህ ሌንስ ይሁን። ኒኮን ላይ ምርጫው ግልጽ ነው፤ "ኤ ኤፍ-ኤስ ዲ ኤክስ 35 ሚሊ ሜትር 1.8 ጂ" እንደ አውሮፓውያን ከ2009 ጀምሮ ያለ፣ ቀላል፣ ያገለገለውም በብዛት የሚገኝ ነው። ካኖን ላይ ዮንግኑዎ የሚባለው የቻይና ድርጅት የሚሠራው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 በዋጋው ልዩ ነው፤ ፎከሱ ከካኖን ሌንስ ይዘገያል፣ በጨለማም አንዳንዴ ያመነታል፣ ግን ያደርሳል። የካኖኑ 24 ሚሊ ሜትር 2.8 ደግሞ ጠፍጣፋና ትንሽ ነው፤ ጠባብ ቤት ለሚበዛበት ሰው እሱን እመርጣለሁ፣ ብርሃኑ ግን ከ1.8 ያነሰ መሆኑን አውቃችሁ።

ደጅ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ፣ ምርቃት፣ ሽርሽርና የሙሽሮች የመስክ ፎቶ የሚበዛባችሁ ከሆነ 50ው ይሂድላችሁ። ከኋላ ያለውን ብለር አድርጎ ፊትን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ቦታም አይጠባችሁም።

ገጠር ለሚያነሳ ሰው፣ ለአንኮበር ገደል፣ ለጣርማ በር ጉም፣ ለመንዝ አጥርና ጎጆ፣ አዲስ ሌንስ አያስፈልግም። 18-55ን ኤፍ 8 ላይ አድርጉት፣ ትራይፖድ ላይ አቁሙት፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ተገኙ። በዚህ ሁኔታ ውድ ሌንስ ካነሳው የሚለየው ጥቂት ነው። ያን ገንዘብ ለትራይፖድ አውሉት።

መንዝ ጓሳ ለሚሄድ ግን ሩቅ የሚስብ ሌንስ ጥቅም አለው። ማኅበረሰቡ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት የጠበቀው ያ ሣር ላይ ጭላዳዎች በመንጋ ይግጣሉ፣ ሰውንም እምብዛም አይሸሹም። እዚያ የካኖኑ 55-250 "አይ ኤስ ኤስ ቲ ኤም" ከበቂ በላይ ነው፤ 15 ሜትር ላይ የተቀመጠ ወንድ ጭላዳ ከነጎፈሩ ፍሬሙን ይሞላላችኋል። 75-300ን እዚህም አልመክርም። ገበያ ላይ የሚበዛው ማረጋጊያ የለውም፣ 300 ላይም ይደበዝዛል። ኒኮን ያላችሁ 55-200 ባለ ቪ አሩን፣ ሶኒ ያላችሁ 55-210ን ፈልጉ። ቀይ ቀበሮው ግን ከሩቅ ነው የሚታየው። በአንኮበር አካባቢ የምትገኘው ትንሿ ሴሪን ወፍ ደግሞ ርዝመቷ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በ250 ሚሊ ሜትር ከ15 ሜትር ብታነሷት የፍሬሙን ስፋት አንድ ዘጠነኛ እንኳ ብትይዝ ነው። ለወፍ ብላችሁ በርካሽ ሌንስ ገንዘብ አታውጡ።

ደረጃ 6፦ አሮጌ የእጅ ሌንስ

በፊልም ዘመን የነበሩ ሌንሶች፣ ለምሳሌ የሶቪየቱ ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ በአዳፕተር ካኖን ላይ ይገባሉ፤ መስታወት አልባ ካሜራ ላይ ደግሞ ከሁሉም ይመቻሉ፣ ስክሪኑ ጥርት ያለውን ቦታ በቀለም ያሳያልና። ኒኮን ዲ ኤስ ኤል አር (ባለ መስታወት ካሜራ) ላይ ግን ተዉት። ሩቁን ጥርት ለማድረግ አዳፕተሩ ውስጥ የሌንስ መስታወት መጨመር ያስፈልጋል፣ ያ ርካሽ መስታወት ደግሞ ጥራቱን ይበላዋል። ለሚቀመጥ ሰው፣ ለዕቃና ለእጅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለመንዝ በርኖስና ለደብረ ብርሃን ምንጣፍ፣ ደስ የሚል ሥራ ይሠራሉ። ለሚንቀሳቀስ ሰርግ አይሆኑም።

ደረጃ 7፦ ያገለገለውን ቆማችሁ ፈትሹ

አብዛኞቻችን የምንገዛው ስላሽ (ያገለገለ) ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ሄደን አዲስ አበባ፣ ወይም ከቴሌግራም። የራሳችሁን ካሜራ፣ ሙሉ ባትሪና ባዶ ሚሞሪ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ባትሄዱ ይሻላል።

መጀመሪያ ሌንሱን ከካሜራ አውጡት፣ ከፊትም ከኋላም ክዳኑን ክፈቱ፣ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከኋላ ወደ ውስጥ አብሩበት፤ ዓይናችሁን ከፊት በኩል አድርጋችሁ ሌንሱን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ጥቂት አቧራ ይታያችኋል፤ እሱ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ካልሆነ አትጨነቁበት። የምትፈልጉት እንደ ሸረሪት ድር ቅርንጫፍ ያወጣ ቀጭን ክር ነው። ያ ሻጋታ ነው፤ ይስፋፋል፣ መስታወቱንም ይበላል፣ አጣጥቦ መመለስም ከሌንሱ ዋጋ ጋር ይስተካከላል። አንድ ክር ካያችሁ ክዳኑን ግጠሙና መልሱ። ውስጡ ወተት የነካው የሚመስል ጭጋግ ካለም እንደዚያው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲሆን ፎቶው ሁሉ ይነጣባችኋል።

ጭረትን በተመለከተ፣ የፊት መስታወት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ብዙ ጊዜ አትታይም። የኋላው ላይ ያለች ግን ትታያለች። ወደ ካሜራው የሚገባውን ብረትና የብሎኖቹን ራስ እዩ። ብሎኑ ተፍቆ ከሆነ ሌንሱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ።

ከዚያ ካሜራው ላይ ግጠሙትና አፐርቸሩን 16፣ ሻተሩን 2 ሰከንድ አድርጋችሁ ከፊት በኩል እያያችሁ ተኩሱ። የአፐርቸሩ ቅጠሎች ፈጥነው ተዘግተው መከፈት አለባቸው፤ ከዘገዩ ወይም ዘይት ካበራባቸው ተዉት። ካሜራው "ኤረር" ካለ እዚያው አበቃ።

ቀጥሎ "ወንድሜ፣ አንዴ ደጅ ይዤው ልውጣ" በሉት። መታወቂያችሁን አስይዛችሁም ቢሆን ውጡ። ጡብ ወይም ብሎኬት የተገነባበት ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ አራቱንም ማዕዘኖች አወዳድሩ። አራቱም እኩል ትንሽ ቢለሰልሱ የርካሽ ሌንስ ጠባይ ነው። ግራው ጠርቶ ቀኙ ከደበዘዘ፣ ደግማችሁ ቀጥ ብላችሁ ብታነሱም ያው ከሆነ፣ ሌንሱ ወድቋል ወይም ውስጡ ተዛንፏል። ያንን የሚያስተካክል ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው።

በመጨረሻ ፎከሱን ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ በመመልከቻው በኩልም፣ በስክሪኑም። በስክሪኑ ጠርቶ በመመልከቻው ሁልጊዜ የሚስት ከሆነ ሌንሱና ካሜራው አልተስማሙም። ማረጋጊያ ካለው አብርታችሁ አድምጡ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደኅና ነው፣ ምስሉ ከዘለለ ግን ተበላሽቷል። የሌንሱ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ደረሰኝም ጠይቁ፤ ያ ሌንስ የአንድ ሌላ ፎቶ አንሺ እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ዋጋ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለከርሞ አይሠራም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጣችሁም። በአንድ ቀን ሦስት ሻጭ ጋር ደውላችሁ የአዲሱንም የስላሹንም ዋጋ ጠይቁ። ስላሹ ከአዲሱ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ አዲሱን ግዙ፤ ልዩነቱ ለፍተሻው ድካም እንኳ አይበቃም። ሁድ (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም የፀሐይ መከላከያ)፣ ሁለቱም ክዳንና ፊልተር አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ብር ከመቀነስ ይልቅ እነዚህን መጨመር ለሻጩ ይቀለዋል። በመኪና እልክልሃለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከላይ ያለውን ፍተሻ ካላደረገላችሁ ገንዘብ አታስተላልፉ።

ደረጃ 9፦ አያያዝ

ሁዱን ሁልጊዜ አድርጉት። በደጋው ፀሐይ ከጎን ሲመታ ፎቶውን እንዳያነጣ ይከላከላል፣ ሌንሱ ሲወድቅም መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። በክረምት ሌንስ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምራችሁ አኑሩት።

ጠዋት ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ብርድ ተነስታችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ለሰርግ ስትወርዱ ደግሞ ሌንሱ እንደቀዘቀዘ ሙቀት ውስጥ ይገባና ላብ ያልበዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ካሜራውንም ሌንሱንም ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩት፤ ስትደርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትፈቱት ይቆይ። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት ለመድረስ የምትነሱበትን ሰዓት ስታስሉ ይህን ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት።